ከጣውላ የተሠራው ማዘርቦርድ

መምህር ቢያዝን ወልደ ሚካኤል የኮምፒውተርን ሆድ ዕቃ አሥራ አንድ ዓመት አስተምሯል። በእሱ እጅ አልፈው ደብረ ማርቆስና ደምበጫ ላይ ሱቅ የከፈቱ፣ በጥገና ሙያ እንጀራ የሚበሉ ልጆች ብዙ ናቸው። ፕሮሰሰሩ ከሜሞሪው ጋር እንዴት እንደሚነጋገር፣ አንድ ካርድ ስሎቱ ላይ ሲሰካ ማሽኑ እንዴት እንደሚያውቀው ከእሱ በላይ አጣፍጦ የሚያስረዳ በአካባቢው የለም ይባል ነበር። ይህ እውነት ነው። ቢያዝን ራሱ በዕድሜው አንድም ኮምፒውተር ፈትቶ እንደማያውቅም እውነት ነው።

ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። የተወለደው አምበር አቅራቢያ ነው። አባቱ የቤተ ክህነት ሰው እንዲሆንላቸው ስለፈለጉ ሦስት ዓመት ቅኔ ቤት ቆየ። እዚያ ቅኔውን እንጃ፣ የሰማውን በቃሉ መያዝ ግን አጥብቆ ተማረ። ኋላ ወደ ቀለም ትምህርት ዞሮ ኮሌጅ ሲገባ ለስድሳ ተማሪ አንድ ኮምፒውተር ነበር። መምህሩ ክዳኑን ከፍተው ሲያሳዩ ልጆቹ ይከቧቸዋል። ቢያዝን ቁመቱ አጭር ስለሆነ የተግባር ትምህርቱን የተከታተለው በሰው ትከሻ መካከል ነው፤ በብዛት ያየውም የሰው ጀርባ ነው። ሲመረቅ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሰጡት። መጽሐፉ የተጻፈው የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ነው። ቢያዝን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ያዘው።

የተቀጠረው ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት አነስተኛ የሙያ ማሠልጠኛ ነው። ተቋሟ የኮምፒውተር ጥገና ክፍል ነበራት፤ ኮምፒውተር ግን አልነበራትም። ሦስት ዓመት በጠመኔ አስተማረ። በ2009 ዓ.ም. አንድ የውጭ ድርጅት ሠላሳ ኮምፒውተር ሲለግስ ሠራተኛው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ አለው።

ዕቃው የደረሰው ዶፍ በሚወርድበት ቀን ነው። የሦስት ሰው የርክክብ ኮሚቴ ካርቶኖቹን እያጣደፈ ከመማሪያ ክፍሉ ጎን ወዳለው ክፍል አስገባና ቆጠረ። ሃያ ስምንት ሆነ። ደግሞ ቆጠረ፤ ሃያ ስምንት። ወረቀቱ ሠላሳ ይላል። የተቋሙ ዲን አቶ መሳፍንት ጠንቃቃ ሰው ስለሆኑ "የሁለቱ ጉዳይ እስኪጣራ ክፍሉ ይታሸግ" ብለው አዘዙ። በሩ ላይ ሦስት ፊርማና አንድ ክብ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጠፈ። ስለ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ደብዳቤ ተጻፈ፤ መልስ መጣ፤ ለመልሱም መልስ ተጻፈ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ቡሬ ተዛወረ፣ አንዱ ጡረታ ወጣ። ደብዳቤው ግን አላረፈም፤ ስምንት ዓመት ተመላለሰ።

በዚህ ሁሉ ዘመን የቢያዝን ተማሪዎች ጀርባቸውን ለኮምፒውተሮቹ ሰጥተው ስለ ኮምፒውተር ተማሩ። መካከላቸው አንድ የጡብ ግድግዳ ነበር።

ቁልፉን የያዙት የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ የኔዓለም ናቸው። ሕግ ሲያከብሩ ለከት የላቸውም። ቢያዝን በየዓመቱ መስከረም ላይ ይሄድና ይለምናቸዋል።

"እትዬ የኔዓለም፣ አንዱን ብቻ። ለተማሪ አሳይቼ እመልሳለሁ።"

"መምህር፣ ማኅተም የሰበረ ይጠየቃል።"

"እርስዎ ባሉበት ነው እኮ።"

"እኔ ያለሁበት ማኅተም ከተሰበረማ የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

እሱም እሺ ብሎ ይመለሳል። እውነቱ ከተነገረ፣ ከአራተኛው ዓመት በኋላ ልመናው ለወጉ ያህል ነበር። ሲከለክሉት ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ቀለል እንደሚለው ራሱም አስተውሎታል። በሩ በተዘጋ ቁጥር እሱ ሁሉን አዋቂ ሆኖ ይኖራል።

ተማሪዎቹን ግን ባዶ እጃቸውን መስደድ አልፈለገም። ከተሰበረ ዴስክ ላይ ጣውላ ለመነና የኮምፒውተሩን ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ ሠራ። መጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል አስፍቶ ቀረጸው። መጋዝ እያስገባ ስሎቶቹን ከፈተ፤ አምስት ረጃጅም ለተጨማሪ ካርዶች፣ አራት አጫጭር ለሜሞሪ። በላዩ ላይ ሦስት ዓይነት መስመር ቀባ። ቀዩ የአድራሻ ባስ፣ ሰማያዊው የዳታ ባስ፣ አረንጓዴው የኮንትሮል ባስ ነው። "ቀዩ 'ከየት?' ይላል፣ ሰማያዊው ዕቃውን ይሸከማል፣ አረንጓዴው 'ላምጣ ወይስ ላስቀምጥ?' ይላል" እያለ ጣቱን በመስመሩ ላይ ያስኬዳል። ካርዶቹን ከስስ እንጨት ሠራ፤ የድምፅ ካርድ፣ የኔትወርክ ካርድ፣ የሜሞሪ ካርድ። እያንዳንዱ ካርድ ታችኛው ጠርዙ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው፤ ያ ጉድጓድ ከስሎቱ ጥርስ ጋር ካልተገናኘ ካርዱ አይገባም። ተማሪ ሁሉ ተራ ይዞ ይሰካል፣ ይነቅላል፣ ይሰካል።

ሜሞሪ ውስጡ እንዴት እንደተደራጀ ለማስረዳት ደግሞ ሁለት የእንቁላል ካርቶን ቆርጦ ቀጠለ፤ ስምንት ረድፍ፣ በየረድፉ ስምንት ጉድጓድ። ባቄላ ያለበት ጉድጓድ አንድ፣ ባዶው ዜሮ። ስምንቱ ጉድጓድ አንድ ባይት።

"የአድራሻ መስመሩ ሦስት ከሆነ ስንት ረድፍ እንጠራለን?" ይላል።

"ስምንት" ይላሉ ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ።

"አራተኛ መስመር ብጨምርስ?"

"አሥራ ስድስት።"

ከዚያ ድንገት "መብራት ሄደ" ይልና ካርቶኑን ይገለብጠዋል። ባቄላው ወለሉ ላይ ይበተናል። ሳያስቀምጡ የሠሩት ሥራ የት እንደሚደርስ ማንም ዳግመኛ አይጠይቅም። መጀመሪያ የተጠቀመው በተቆላ ባቄላ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ሜሞሪው ተበልቶ ስላለቀ ወደ ጥሬ ዞረ።

በየዓመቱ ከፈተና የማይቀር አንድ ጥያቄም ነበረው። የድሮው ኮምፒውተር የመጀመሪያውን ስድስት መቶ አርባ ኪሎባይት ሜሞሪ ለተጠቃሚው ፕሮግራም ይሰጥና ከዚያ በላይ እስከ አንድ ሜጋባይት ያለውን ለራሱ ለማሽኑ ያስቀራል። ቢያዝን ይህን "ከስድስት መቶ አርባ በላይ ያለው የመንግሥት ይዞታ ነው" ብሎ አስተማረ። የገበሬ ልጆች ስለሆኑ ለምን እንደሆነ አንድም ተማሪ አልጠየቀውም።

አቶ መሳፍንትም በበኩላቸው ለበላይ አካል በየዓመቱ ሪፖርት ይልካሉ። "ኮምፒውተር፦ 28። የተበላሸ፦ የለም።" በዞኑ ስምንት ዓመት አንድም ብልሽት ያላስመዘገበ ሌላ ተቋም አልተገኘም። በንብረት አያያዝ የምስጋና ወረቀት ተሰጣቸው፤ በመስታወት አስገጥመው ቢሯቸው ሰቀሉት።

በ2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ ደብዳቤ መጣ። የምዘና ቡድን ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደሚደርስና አሥራ አራቱ ተመራቂዎች በተቋሙ ኮምፒውተሮች ላይ ፈትተው እየገጠሙ እንደሚፈተኑ ይገልጻል። አቶ መሳፍንት ቢያዝንን አስጠሩት።

"መምህር፣ ሁለት ሳምንት ይበቃዎታል?"

"ለምኑ?"

"ማሽኖቹን ለማዘጋጀት። መቼም እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው ፈትተው የሚገጥሙ ሰው ነዎት።"

"ዓይኔን ጨፍኜስ አያቅተኝም" አለ ቢያዝን። ዓይኑን ገልጦ ግን ሞክሮት አያውቅም።

የቀድሞው ኮሚቴ ያሸገውን የሚያነሳ አዲስ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ወይዘሮ የኔዓለም የበሩን ወረቀት እንዳይቀደድ በለብ ያለ ውኃ አርሰው አላቀቁትና ማስረጃ ነው ብለው ፖስታ ውስጥ አስቀመጡት። ክፍሉ ተከፈተ። አይጥ አይጥ ይሸታል፤ ካርቶኖቹ ግን ደህና ናቸው። ኮሚቴው አንድ ባንድ እየከፈተ ቆጠረ። ሠላሳ ሆነ።

"ደግማችሁ ቁጠሩ" አሉ አቶ መሳፍንት።

ሠላሳ ነው። ሁለቱ ከፕሪንተሩ ጋር በአንድ ትልቅ ካርቶን ታሽገው ኖሯል። አቶ መሳፍንት ጥቂት አሰቡና ፊታቸው ይበልጥ ጠቆረ። "መዝገባችን ላይ ያለው ሃያ ስምንት ነው። ስለዚህ ሁለት ትርፍ አለን ማለት ነው። የሁለቱ ጉዳይ እስኪጣራ ወደ ጥግ ይቀመጡ።" ሁለቱ ኮምፒውተሮች ላስቲክ ለብሰው ጥግ ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ ሁሉም ወደ ቢያዝን ዞረ። ቢያዝን ከደረት ኪሱ ካቻቢቴውን አወጣ። ሁልጊዜም ከዚያ ኪስ አይለይም። አንድ ጊዜ ወደ ማሽኑ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሰዉ አየ። መዳፉን አላበው።

"ዕቃው ታፍኖ የኖረ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ዛሬ አየር ያግኝ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ወዲያው አይከፈትም።"

ሰዉ ሁሉ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። አቶ መሳፍንት "እውቀት ማለት ይኼ ነው" ብለው ኮሚቴውን በተኑ።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢያዝን ብቻውን መጣ። ብቻውን ቢባልም ወይዘሮ የኔዓለም በደንቡ መሠረት መገኘት ስላለባቸው በሩ አጠገብ ወንበር አስቀምጠው ዳንቴላቸውን ይሠራሉ። ቢያዝን አንዱን ማሽን ጠረጴዛ ላይ አወጣ። መጽሐፉ "የኋላውን ብሎኖች ፍታ" ይላልና ከጀርባው ያገኘውን ብሎን ሁሉ ፈታ። የጎኑን ክዳን ለማንሸራተት ሲገፋ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ዱብ አለ። ለማሽኑ ኃይል የሚያድለው ሣጥን፣ ፓወር ሰፕላዩ ነበር።

"ምን ወደቀ?" አሉ ወይዘሮ የኔዓለም።

"የሚጠበቅ ነው" አለ ቢያዝን።

ክዳኑ ወጣ። ቢያዝን ጎንበስ ብሎ አየ። ብዙ ቆየ። ወይዘሮ የኔዓለም ዳንቴሉን ወንበሩ ላይ ትተው ተነሡና አጠገቡ መጥተው አብረው አዩ።

"መምህር፣ አውቶቡሱ የቱ ነው?"

"የቱ አውቶቡስ?"

"ስምንት ዓመት ከቢሮዬ ሆኜ በግድግዳ በኩል ስሰማዎት የኖርኩት። ቀዩ ባስ፣ ሰማያዊው ባስ እያሉ። መጀመሪያማ የደምበጫ መኪና መስሎኝ ነበር።"

እሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። ቀይ የለም፤ ሰማያዊም የለም። ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው፤ መስመሮቹ እንደ ፀጉር ቀጥነው ከቀለሙ ሥር ተደብቀዋል። አምስት የነበሩት ስሎቶች ሦስት ሆነዋል፤ አንድ ረጅምና ሁለት ድንክ። ሜሞሪው ሁለት ቦታ ቆሟል፤ ጎድጎድ ያለው ቦታ ግን ጣውላው ላይ ከቀረጸው ጋር አይገናኝም። በቃሉ የሚያውቀውን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በልቡ ቢያነበንብም እዚህ ሰሌዳ ላይ የሚያርፍ አንቀጽ አጣ።

ፓወር ሰፕላዩን እንደምንም ቦታው መለሰና መብራት ሰጠው። ማሽኑ አንድ ረጅም ጢጥ አሰማ፤ ደገመ፤ ሠለሰ። ስክሪኑ ጨለማ ነው። ሁለተኛውን ሞከረ፤ ጢጥ። ሦስተኛው ብቻ ነቃና በነጭ ጽሑፍ ቀኑን አሳየ፤ ጃንዋሪ አንድ፣ 2017።

"እንዲያው ጎበዝ ነው" አሉ ወይዘሮ የኔዓለም። "ስምንት ዓመት ተዘግቶ ዓመተ ምሕረቱን አልሳተም። ወሩ ብቻ ነው የጠፋበት።"

ቢያዝን ይህን ያውቅ ነበር። ማሽኑ ቀኑን የሚይዝበት ጠፍጣፋዋ ባትሪ ስትሞት ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የተመለሰው እንግዲህ በፈረንጆች 2017 ላይ ነው። ይህ በሕይወቱ ከእውነተኛ ማሽን ያገኘው የመጀመሪያ ምርመራ ነው። ደስ አለው። ወይዘሮ የኔዓለም ግን በማሽኑ በጣም ስለኮሩ ሊያርማቸው አልጨከነም።

እስከ ምሳ ድረስ አሥራ አንድ ማሽን ሞከረ። ዘጠኙ ጢጥ አሉ። ወጥቶ የግቢው ባሕር ዛፍ ሥር ቆመና ስልኩን አወጣ። ሂዊ አገኘሁ ከስድስት ዓመት በፊት ያስተማራት፣ አሁን ደምበጫ መናኸሪያው ጀርባ የጥገና ሱቅ ያላት ልጅ ናት። ስሟን አውጥቶ ሁለት ጊዜ መልሶ ዘጋው። በሦስተኛው ደወለ።

"ሂዊ፣ እንደምን ነሽ? እ... እዚህ አንዳንድ ዕቃዎች ነበሩ። ጊዜ ካለሽ ብታይልኝ ብዬ።"

"ተከፈተ እንዴ ክፍሉ?" አለች።

"ተከፈተ።"

"ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ መምህር። እስከዚያ ብዙ አይፍቱ።"

በማግሥቱ አንድ ቦርሳ አንጠልጥላ መጣች። የሚጮኸውን ማሽን ከፈተች፤ የፈታችው ሁለት ብሎን ብቻ ነው። ከሜሞሪው ግራና ቀኝ ያሉትን መያዣዎች በአውራ ጣቷ ገፋ ስታደርግ ካርዱ ብድግ አለ። ከቦርሳዋ የተማሪ ላጲስ አወጣችና በወርቅ የተለበጡትን የካርዱን ጥርሶች ፈተግ ፈተግ አደረገቻቸው። ብናኙን እፍ ብላ መልሳ ሰካችው፤ ቀጭ አለ። መብራት ስትሰጠው ማሽኑ አንድ አጭር ጢጥ አለና ስክሪኑ በራ።

"እርጥበት ይዞት ነው" አለች። "ክረምት በመጣ ቁጥር እኔ ጋ ከሚመጣው ግማሹ ይኼ ነው።"

ቢያዝን ላጲሱን ጠየቃት። ሁለተኛውን ራሱ ሞከረ። መያዣዎቹን ገፋ አድርጎ ካርዱን ነቀለ። ሲመልሰው አቅጣጫው ተገለባብጦበት ሊጫነው ሲል እጁን ያዘችው።

"በዚያ በኩል።"

አዙሮ ሰካው። ቀጭ ሲል ድምፁ እስከ ትከሻው ተሰማው። ወይዘሮ የኔዓለም ለሻይ ስለወጡ ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

"ሂዊ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።"

"ፈትተው እንደማያውቁ?" አለች ከማሽኑ ቀና ሳትል።

"ማን ነገረሽ?"

"ካቻቢቴዎ። ስንማር ሁልጊዜ ደረት ኪስዎ ውስጥ ነበር። እጀታው ላይ የፋብሪካው ወረቀት እንደተለጠፈ ነው። የሚሠራበት ሰው ወረቀት ሳምንት አይቆይለትም።"

እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ወረቀቱ አሁንም አለ፤ በሰሞኑ ላብ ጫፉ ተነሥቷል።

"ሁላችሁም ታውቁ ነበር?"

"አብዛኞቻችን።"

"ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?"

"ብንናገር ሌላ መምህር አይመጣልን። ማሽን አይመጣልን። እርስዎንም እናጣ ነበር።"

ቢያዝን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አፍሯል። ግን ከዕፍረቱ ጋር፣ ተሸክሞት የኖረውን ጭነት ሌሎችም ዳር ዳሩን ይዘውለት እንደኖሩ ሲያውቅ አንዳች ዕረፍት ተሰማው።

"እውነቱን ንገሪኝ" አላት። "ያ ጣውላ የጠቀመሽ ነገር አለ?"

ሂዊ ላጲሷን አስቀምጣ አሰበች። "አለ። መጀመሪያ የተቀጠርኩ ቀን ሌሎቹ ካርድ ለመንካት ይፈሩ ነበር። እኔ ሁለት መቶ ጊዜ የሰካሁ ሰው ነኝ፤ አልፈራሁም። ጥርሱን ሳላይ በጣቴ አገኘዋለሁ።" ከዚያ ፈገግ አለች። "ጉድጓዱን ግን በተሳሳተ በኩል ነው የቀረጹት። ባልፈራሁት ልክ አስገድጄ አስገባሁትና የሰው ሜሞሪ አቃጠልኩ።"

"በእኔ የተነሣ?"

"በእርስዎ የተነሣ።"

ሁለቱም ሳቁ። ሲስቁ ወይዘሮ የኔዓለም ገቡና ንብረት ባለበት ክፍል ለምን እንደሚሳቅ ጠየቁ።

ሂዊ ሦስት ቀን ተመላለሰች። ሃያ ስምንቱም ማሽኖች ነቁ። ከዚያ በኋላ ቢያዝን አሥራ አራቱን ተማሪዎች ይዞ ገባና ከጠዋት እስከ ማታ ሲፈቱ ሲገጥሙ ሰነበቱ። ያልገባውን ከእነሱ ጋር አብሮ ፈለገ። መጽሐፉ ላይ የሌለ ነገር ሲያጋጥመው "ይኼን አላውቀውም" ማለት ጀመረ። የመጀመሪያው ቀን ስድስት ጊዜ አለ። ተማሪዎቹ አልደነገጡም።

አንዷ ተማሪ ፍቅርአዲስ ማሽኑ አራት ጊጋባይት ሜሞሪ እንዳለው ስክሪኑ ላይ አንብባ ጠየቀችው።

"መምህር፣ ከስድስት መቶ አርባ በላይ የመንግሥት ነው ብለውን ነበር። አሁንስ?"

"አሁንም የመንግሥት ነው" አለ ቢያዝን። ይህን እንኳ ያውቃል። "ግን ከአንድ ሜጋ ወዲያ ያለው አገር እጅግ ስለሰፋ ያቺን ቁራሽ ማንም አያስተውላትም።"

የምዘና ቡድኑ መጣ። መሪው ምስጋናው የሚባል ወጣት ነው። ከአሥራ አራቱ አሥራ ሁለቱ አለፉ፤ ለዚያች ተቋም ያልታየ ውጤት ነው። ምስጋናው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ባለ ሦስት ቀለም ጣውላ ሲያይ ቅር አለው። "ይህ ከመማሪያ መሣሪያ ደረጃ ውጭ ነው፤ ይነሣ" ብሎ አስተያየቱን መዘገበ። ሊወጣ ሲል ጓደኞቹን አስቀድሞ ተመለሰና በስልኩ ፎቶ አነሣው። "ለታናሽ እህቴ ነው" አለ። "ባስ የሚባለው ነገር አልገባት ብሎ።"

ሁሉም ነገር በደስታ ያለቀ መሰለ። ክፍሉ ከዚያ ወዲህ አልተዘጋም፤ በየቀኑ ይሠራበታል። በሚሠራበት ቦታ ደግሞ ነገር ይበላሻል። ሚያዝያ ላይ መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የአንዱን ፓወር ሰፕላይ አቃጠለ። የሌላው ሃርድ ዲስክ ሞተ። ሦስተኛውን ያበላሸው ቢያዝን በገዛ እጁ ነው፤ ፕሮሰሰር አውጥቶ ሲመልስ ከሥሩ ያሉትን ስስ መርፌዎች አጣመማቸው። የዓመቱ ሪፖርት ሲላክ "ኮምፒውተር፦ 28። የተበላሸ፦ 3" ይል ነበር።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ጉዳት ያልደረሰበት ንብረት በሦስት ወር ውስጥ ሦስቱ እንዴት ሊበላሽ እንደቻለ በጽሑፍ እንዲብራራ ይጠይቃል። የዚያ ዓመት የንብረት አያያዝ ምስጋና ለሌላ ተቋም ተሰጠ። አቶ መሳፍንት ቀናቸው ሁሉ ተበላሸ። ማብራሪያውን ቢያዝን እንዲጽፍ አዘዙት።

ቢያዝን ወረቀት ወሰደና አንድ ቃል ጽፎ አመጣ። "ስለተሠራባቸው።"

"ይኼ ማብራሪያ አይደለም" አሉ አቶ መሳፍንት። "ይጨምሩበት።"

ቁጭ ብሎ ጨመረበት። "ሌሎቹም ይበላሻሉ።"

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ አንድ ቅጂ ማኅደሩ ውስጥ ገባ። አቶ መሳፍንት በዚያው ቃለ ጉባኤ ክፍሉ ለጊዜው እንዲታሸግ ሐሳብ አቀረቡ። ለማሸግ የሦስት ሰው ፊርማ ያስፈልጋል፤ ከሦስቱ አንዷ ወይዘሮ የኔዓለም ናቸው። እሳቸው ደንቡን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ በዚያው ቀን ሦስት ዓመት ያጠራቀሙትን የዓመት ዕረፍት ጠየቁ። ደንቡ ሊከለክላቸው አልቻለም። ዕረፍት የሚወጣ የንብረት ኃላፊ ቁልፉን ለሚሠራበት ሰው በፊርማ ያስረክባል ይላልና ቁልፉን ለቢያዝን አስፈርመው ሰጡት።

"መምህር፣ አደራ" አሉት። "ጥግ ያሉትን ሁለቱን እንዳይነኩ። እነሱ አልተጣሩም።"

"አልነካም።"

"የቀሩትን ግን ያበላሿቸው" ብለው ሮብ ገበያ የምትባለው ከተማ እህታቸው ዘንድ ሄዱ።

ቢያዝን አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ደምበጫ ይወርዳል። ሂዊ ሱቅ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ አንድ በርጩማ ተሰጥቶታል። ገበያተኛው፣ ባጃጁና ፈረሱ በበሩ ያልፋሉ። እሱ የመጣለትን ማሽን ይከፍታል፣ አቧራውን ያራግፋል፣ ካርዱን ነቅሎ ይሰካል፤ ግራ ሲገባው ሂዊን ይጠይቃል። እሷ አንዳንዴ መልሱን ትነግረዋለች፣ አንዳንዴ "ራስዎ ይፈልጉት" ትለዋለች፤ ይህን ያስተማራት እሱ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ገዳሙ የሚባሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ኮምፒውተራቸውን ይዘው መጡና በርጩማው ላይ ያለውን ሰው እጅ ጥቂት ተመለከቱ።

"ይኼ አዲሱ ሠራተኛሽ ቀስ ይላል እንጂ ጥንቁቅ ነው" አሏት ለሂዊ።

"ገና አራት ወሩ ነው" አለች ሂዊ።

ቢያዝን አንገቱን ሳያነሣ "ከሰዓት በኋላ ብቅ ይበሉ፣ ይደርሳል" አላቸው።